ያለ ውል የኖረ ወንድም

ይህ ታሪክ እውነት ነው። እውነት ሲባል ደግሞ የባጃጅ ሹፌር በስልክ "ደርሻለሁ፣ ውጡ" እንደሚለው ዓይነት እውነት አይደለም። አንዲት ፍሬ ውሸት ከተገኘችበት የሐዋሳ ሐይቅ እስከ ጭቃው ይድረቅ፤ ጉማሬዎቹም ልጆቻቸውን አስከትለው መናኸሪያ ይሰለፉ። የተጠራጠረ ሰው ካለ ሄዶ አቶ ሽበሺን መጠየቅ ይችላል። ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል ወደ ከተማው ሲወጣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው ግቢ ነው። በሩ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ግራ እግሩን ዘርግቶ የሚገኘው ሰውዬ ራሱ ሽበሺ ነው። ጉልበቱን ያመዋል። ያመመውም በወጣትነቱ የሞያሌ መንገድ ላይ የተገለበጠ የጭነት መኪና ብቻውን ቀና አድርጎ ሲያቆም ነው፤ ቀስ ብሎ ስላነሳው ሾፌሩ እንኳ ከእንቅልፉ አልነቃም።

ግቢው ሰፊ ነው። ምን ያህል ቢሉ፣ ከበሩ የተነሳች ድመት ጓሮ ሳትደርስ ወልዳ ታሳድጋለች። መሃል ላይ የቆመው አቮካዶ አንዱ ፍሬው ለአንድ ቤተሰብ እራት ይበቃል። ከዛፉ ወዲያ ሰርቪስ ቤቶቹ ተደርድረዋል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ ተከራይቶባቸዋል። ከዚህ ግቢ ወጥቶ ትልቅ ሰው ያልሆነ የለም። ትልቅ ሰው ያልሆነ ካለም ኪራይ ሳይከፍል የወጣው ነው።

ታሪኩ ግን ስለ ግቢው አይደለም፤ ስለ ጥጓ ክፍል ነው። በጥጓ ክፍል ለዓመታት የኖረው ኢዮስያስ ሞቶ ተቀብሯል። ዛሬ ሰልስቱ ነው። ድንኳኑ የተተከለው በሽበሺ ግቢ፣ በሽበሺ እድር ነው። ሽበሺም ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ጢሙን ሳይላጭ፣ የሟች ወንድም በሚቀመጥበት ቦታ ተቀምጧል። ከፊት ለፊቱ የኢዮስያስ ሚስት ሩታ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ፍራሽ ላይ ናት። ሆዷ ገፍቷል። ከጎኗ ማንም የሰፈር ሰው የማያውቃት፣ ከከተማው ዳር ከቡሹሎ ለለቅሶ የመጣች አንዲት ሴት እጇን ይዛታለች።

የእድሩ ዳኛ አቶ ሰኢድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ነገር ሳያጥሩ የማይነሱ ሰው። መዝሙሩ ጋብ ሲል ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሰው ሁሉ በሆዱ የያዘውን ጥያቄ አወጡት።

"ሽበሺ፣ ድንኳኑ ዛሬ ይነሳል። ይህች ልጅ ከነገ ጀምሮ ወዴት ናት? ክፍሏ የሷ ናት ወይስ አይደለችም?"

"ሰኢዴ፣ ይሄ ይጠየቃል?"

"ይጠየቃል። ነፍሰ ጡር ናት።"

"እንግዲያው ከመጀመሪያው ልነሳ" አለ ሽበሺ፤ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አመቻቸ። ለቀስተኛው ወንበሩን ሳብ ሳብ አደረገ። ሽበሺ ሲያወራ በሐዋሳ ዛፍ ላይ ያሉት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሁሉ ዝም እንደሚሉ የታወቀ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው።

ኢዮስያስና ሩታ ከሶዶ የመጡት አዲስ ተጋብተው ነው። ኢዮስያስ በዩኒቨርሲቲ የጥገና ክፍል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ወደ ሽበሺ ግቢ እስኪመጡ ድረስ ያልተከራዩበት ሰፈር አልነበረም። አንዱ አከራይ "ልጄ ከአረብ አገር መጣች" ብሎ አስወጣቸው፤ ሌላው "ውሃ ታበዛላችሁ" አለ፤ አንዷ ደግሞ መዝሙራችሁ ራሴን አመመኝ አለች። ሁሉም የሚያስወጣው በአፉ ነው፤ ሁሉም የሚያስወጣው እስከ ቅዳሜ ብሎ ነው።

ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው የመጡ ዕለት የሽበሺ ሚስት ወይዘሮ ገነት ዐይኗ ያረፈው መጋረጃቸው ላይ ነው። ሰማያዊ ነው፣ ነጭ አበባ አለው፣ ጥሩ ጨርቅ ነው። ጠርዙ ግን አልተሰፋም፤ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል።

"ይሄን የመሰለ ጨርቅ ምነው ሳይሰፋ?" አለቻት።

"መስኮቱ ይለያያላ፣ እትዬ" አለች ሩታ። "አንዱ ቤት ይረዝማል፣ አንዱ ቤት ያጥራል። ከቆረጥኩት ለሚቀጥለው ቤት አይሆነኝም።"

ገነት ዞር ብላ ባሏን አየችው። ሽበሺ እንደሆነ ሚስቱ እንዲህ ስታየው ተራራ ይነቅላል። የታቦርን ተራራ ያልነቀለው ገነት ስላልጠየቀችው ብቻ ነው።

"ቁረጪው፣ ልጄ" አለ። "ይሄ ቤት የመጨረሻሽ ነው።"

ሩታ ሳቀች፤ ግን አልቆረጠችም።

ኢዮስያስ ዝምተኛ ነበር። ሲያወሩት ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሰማል፤ ሲጨርሱ "እሺ ጋሼ" ይላል። በዚህ ጠባዩ ሽበሺ ልብ ውስጥ ገባ፤ ምክንያቱም ሽበሺን እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ማታ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ካለው የፕላስቲክ ወንበር አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ሽበሺ ያወራል፤ እሱ ሽቦ እየላጠ ይሰማል። የተቃጠለ ማብራት፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ ውሃ የማይስብ ሞተር፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆጥር ቆጣሪ፣ ግቢው ውስጥ የኢዮስያስ እጅ ያልነካው ነገር የለም። ሙያውን ያስተማረው ሽበሺ መሆኑ ግልጽ ነው። ዩኒቨርሲቲው መብራት ሲጠፋበት ኢዮስያስን ይጠራል፤ ኢዮስያስ ደግሞ ግራ ሲገባው ለሽበሺ ይደውላል። ሽበሺ ከወንበሩ ሳይነሳ "ቀዩን ከጥቁሩ አላቀው" ይላል፤ ከተማው በሙሉ ቦግ ይላል።

ከዚያ ገነት ታመመች።

እዚህ ላይ ማንም ምንም አይጨምርም፤ መጨመርም አያስፈልግም። ሕመሟ ረጅም ነበር። ሩታ ታጥባታለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች። ኢዮስያስ የአልጋ ራስጌዋ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አወረደላት፤ መብራት በፈለገች ቁጥር ሰው እንዳትጠራ። ያረፈች ዕለት ሽበሺ ድምፁ ጠፋ። ለቀስተኛ ሄዶ ድንኳኑ ሲነሳ፣ ዘመዱ ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ኢዮስያስ ፍራሹን አምጥቶ ከሽበሺ መኝታ ቤት ደጃፍ አነጠፈ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ሽበሺ ሲነሳ ይነሳል፤ ሽበሺ ሲያለቅስ ይቀመጣል። እስከ ተዝካሩ እዚያው ተኛ።

"አንተ ወንድሜ ነህ" አለው ሽበሺ አንድ ጠዋት።

"እሺ ጋሼ" አለ ኢዮስያስ።

በዚያው ሰሞን ሩታ መቀስ ተውሳ መጋረጃዋን በመስኮቷ ልክ ቆረጠች፤ ጠርዙንም ሰፋችው። ሽበሺ ከወንበሩ ሆኖ ሲያያት ነበር። ያቺ ሰማያዊ መጋረጃ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቡሹሎም ትታያለች፤ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን የሚመልሱት እሷን እያዩ ነው።

ከዚያ ደግሞ የኪራዩ ሕግ መጣ። ከተማው በሙሉ ስለሱ ብቻ አወራ። የቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ አከራይ እንደፈለገው ኪራይ አይጨምር፣ ተከራዩንም በአፉ ውጣ አይበል ተባለ። አከራይ ሁሉ ፊቱ ጠቆረ። ደላሎች ለጥቂት ቀን ጫት ቤት ተደበቁ። ሽበሺ ግን አልደነገጠም። እንዲያውም ሕጉን ሲያወጡ ቢያማክሩት ኖሮ ይበልጥ ያሳጥርላቸው ነበር።

ከቀበሌው የተላከችው መዝጋቢ ናርዶስ የምትባል ወጣት ናት። ቦርሳዋን አንግታ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ ከግቢ ግቢ ትዞራለች። የነርሷን ክፍል መዘገበች፤ የተማሪዎቹን መዘገበች፤ ጥጓ ክፍል ስትደርስ ቆመች።

"እዚህስ ማን ነው ያለው፣ አቶ ሽበሺ?"

"እዚህማ ተከራይ የለም።"

"መጋረጃ አለ።"

"ወንድሜ ነው።"

ኢዮስያስ የተጠቀለለ ሽቦ በእጁ እንደያዘ በር ላይ ቆሟል። ናርዶስ መታወቂያውን ተቀብላ አየች።

"የአባት ስም አንድ አይደለም።"

"በእናት ነው።"

"እሳቸው ሶዶ ነው የተወለዱት፤ እርስዎ ይርጋለም።"

"እናታችን እግሯ አያርፍም ነበር።"

ናርዶስ ሳቋን ዋጠችና ወደ ኢዮስያስ ዞረች። "ወንድማማች ናችሁ?"

ኢዮስያስ ሽበሺን አየ። ከክፍሉ ውስጥ ሆና የምትሰማውን ሩታን አየ።

"አዎ፣ ወንድሜ ናቸው" አለ።

ወንድሙን አንቱ የሚል ሰው ናርዶስ አይታ አታውቅም። ቢሆንም ጻፈች። ተከራይ ያልሆነ ቤተሰብ፣ ወንድም። ስትወጣ ሽበሺ የኢዮስያስን ትከሻ ጨበጠው። አንዳንድ ሐሜተኛ ሽበሺ ይህን ያደረገው ግብሩን ፈርቶ ነው፣ ሁለት ዓመት በውል መታሰሩን ጠልቶ ነው፣ ጥጓ ክፍል መጸዳጃ ስላላት ወደፊት በደህና ዋጋ ሊያከራያት አስቦ ነው ይላል። ይበል። ሽበሺ ያደረገው ለፍቅር ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሩታ ፀነሰች። በቤተ ክርስቲያናቸው ለዓመታት የተጸለየበት ጉዳይ ነው። ሽበሺ የሰማ ዕለት አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ገዝቶ መጣ። አንዱ ዓሣ ብቻ በባጃጅ አልገባ ብሎ በአይሱዙ ነው የተጫነው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ኢዮስያስ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ ግን ሽቦ አልያዘም።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው።"

"አስቸግረኝ።"

"ያቺን ውል ብናደርጋት ብዬ ነው። ሌሎቹ እንዳደረጉት።"

"የምን ውል?"

"የቤቱን። ልጅ ሊመጣ ነው። ሩታም ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት መዞሩ ትዝ እያላት እንቅልፍ አጥታለች።"

"ከወንድምህ ጋር ነው ውል የምትፈራረመው?"

"ወንድምነቱ እንዳለ ሆኖ ነው፣ ጋሼ።"

"ነገ ላባርርህ ነው?"

"እርስዎ አያባርሩኝም። ግን ዕድሜ አይታወቅም። የእህትዎ ልጆች አሉ፣ ነገ እነሱ ቢመጡ እኔን አያውቁኝም…"

"ሞቴን ነው የምታሰላው?"

"ኧረ በጌታ፣ ጋሼ።"

ሽበሺ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ሳቁ ጉዱማሌ አደባባይ ድረስ ተሰማ፤ እዚያ የተኙ በጎች ደንብረው ተነሱ። "በወንድማማች መሃል ወረቀት ምን ይሠራል?" አለው፤ ራሱንም ደባበሰው፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ። ቃሉ ይበቃል። የሽበሺ ቃል ባንክ ቢያስይዙት ብድር ያሰጣል።

እውነት ነው፣ በዚያ ቀን ሽበሺ ምሳውን አልበላም። ሹሮው ፊቱ ላይ ቀዘቀዘ። የገነትን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አውርዶ አቧራውን ጠረገና መልሶ ሰቀለው። በደጃፉ የተኛው ሰው፣ ሲያለቅስ አብሮት የነቃው ሰው፣ አሁን ቃሉን በማኅተም ሊያስይዘው ፈለገ። ያቺ ነገር ሆዱ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ሁለቱ ሰላም አይባባሉም ነበር የሚል ካለ፣ ሽበሺን ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቶ ስለነበር ነው። ድንጋዩን ከወንበሩ አጠገብ አስነስቶ ከአጥሩ ሥር ያስጣለው ደግሞ እንቅፋት ስለሆነ ነው።

በኋላ ግን ፍቅሩ አገረሸበትና ለሚወለደው ልጅ ክፍሏን ቀለም ላስቀባ አለ። ለዚህ ሲባል ዕቃው መውጣት ነበረበት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ በዓል ዋዜማ ዕለት አልጋው ተፈታ፤ ፍራሹ ተጠቀለለ፤ ድስቱና ሳህኑ በማዳበሪያ ታሰረ፤ ሁሉም አቮካዶው ሥር ተቀመጠ። መጋረጃዋም ወረደች። ቀለሙ ገና አልተገዛም ነበር፤ ግን ሽበሺ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ነው። የበሩን ቁልፍም ለወጠ፤ አሮጌው ዝጎ ነበርና። አዲሱን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ያን ዕለት ነው ኢዮስያስን ትኩሳት የያዘው።

ከተማው በሙሉ ለበዓሉ ወደ ጉዱማሌ ይጎርፋል። ባጃጅ አይገኝም፤ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ሰማዩም ጠቁሮ መጣ። ሽበሺ ኢዮስያስን ዕቃው መሃል ተቀምጦ ሲንቀጠቀጥ አየው። አላመነታም። ኮቱን ጣለ፣ ኢዮስያስን በጀርባው አዘለና ወጣ።

ዝናቡ ጣለ። ዝናብ ቢሉ ዝናብ ነው፤ ሐይቁ ተነስቶ መንገዱን ሊጠይቅ የመጣ ይመስላል። ጎርፉ እስከ ወገቡ ደረሰ። ሽበሺ ኢዮስያስን አዝሎ ከአሞራ ገደል ወገን ተነስቶ እስከ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ በሩጫ ሄደ። ጉልበቱ ያን ዕለት አላመመውም። "ጋሼ፣ አውርዱኝ፤ ይደክምዎታል" ይለዋል ኢዮስያስ በጆሮው። "ዝም በል፣ ገነትን ስታስታምም ይደክምሃል ብላሃለች?" ይለዋል ሽበሺ። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ነርሶቹ ሮጠው ወጡ። አንዷ አለቀሰች፤ ሰው ወንድሙን እንዲህ ሲወድ አይታ አታውቅም ነበር። ኢዮስያስ ራሱን በሽበሺ ጭን ላይ አሳረፈ።

"ጋሼ፣ ሩታን አደራ።"

"አደራህን ተቀብያለሁ።"

"ክፍሏን አደራ።"

"የሷ ናት። እስከ ዕለተ ሞቴ።"

ኢዮስያስ ፈገግ አለ፤ በዚያው አለፈ።

ሽበሺ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆመ። እንባው ጢሙ ላይ ወርዶ ነበር። ይህ እንባ የውሸት አልነበረም። በድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ አንዲት ሴት "ወይኔ ወንድሜ" ብላ ደረቷን መታች። ለኢዮስያስ ድንኳን የተተከለውም ለዚህ ነው። እድሩ ለአባልና ለአባል የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው የሚወጣው። ሽበሺ ሬሳውን ይዞ የመጣ ዕለት አቶ ሰኢድ "ምንህ ነው?" ብለው ሲጠይቁት "ወንድሜ ነው፤ ቀበሌ ጠይቁ" አለ። ቀበሌም ሲጠየቅ እንደዚያ ተጽፎ ተገኘ።

"አላህ ዋጋህን ይክፈልህ" አሉ አቶ ሰኢድ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው። ነገ ጠዋት እሷና አንተ ቀበሌ ትሄዳላችሁ፤ ክፍሏ በስሟ በጽሑፍ ትዋዋላላችሁ፤ ታስመዘግባላችሁ። እኔም ምስክር ሆኜ እፈርማለሁ። ልቧ ያርፋል።"

ሽበሺ እንባውን በመሐረቡ ጠረገ። እግሩን አንስቶ እንደገና አመቻቸ።

"ሰኢዴ" አለ በመጨረሻ፤ "በእኔና በወንድሜ ሚስት መሃል ወረቀት ምን ይሠራል?"

አቶ ሰኢድ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ቀሩ። ሩታ እስከዚያ ቀና ብላ አታውቅም ነበር። አሁን ቀና አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር ከኋላ የተቀመጡት ጎንበስ አሉ።

"ጋሽ ሽበሺ፣ ኢዮስያስን አላዘሉትም።"

"ምን አልሽ፣ ልጄ?" አሉ አቶ ሰኢድ።

"ቡሹሎ የሄደው በእግሩ ነው። ትኩሳቱ ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ ይዞት ነበር። አትሂድ አልኩት። ጋሽ ሽበሺ እስከ ቅዳሜ ከግቢው ውጡ ብለዋል፣ ዕቃችን ዝናብ ላይ ነው፣ አለኝ። የሄደው ክፍል ሊያይ ነው።"

ሽበሺ የተዘረጋውን እግሩን ሰበሰበ።

"ቀለም የሚባል ነገር አልነበረም" አለች ሩታ። ቁጣ አልነበራትም፤ እንደ ደከመ ሰው ነው የምትናገረው። "ውል ስለጠየቃቸው ተቀይመው ነው ያስወጡን። ኪራዩንም በየወሩ እከፍል የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ነው ካሉም በኋላ ተቀብለውኛል። የወደቀው ሲመለስ መንገድ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ያደረሱት የማያውቁት ሰዎች ናቸው። እኔ ስደርስ ሞቶ ነበር። ለማንም ምንም አላለም፣ ጋሼ። አደራም አላለም።"

"ሩታዬ…" አለ ሽበሺ።

"እትዬ ገነት የሞቱ ጊዜ ደጃፍዎ ተኝቷል። እሱ እውነት ነው።"

ሽበሺ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። አዲሱ ቁልፍ እዚያው ነበር። አውጥቶ በመዳፉ ላይ ያዘው፤ ለማን እንደሚሰጠው እንደጠፋው ሰው ዙሪያውን አየ። ማንም እጁን አልዘረጋም።

ሩታ ከጎኗ ወደተቀመጠችው ሴት ዞረች።

"እሷ ሙሉዬ ትባላለች። ሊያይ የሄደው ክፍል የሷ ነው። ኢዮስያስ ውሉን ፈርሞ ነው ከቤቷ የወጣው። ዛሬ ማታ ወደዚያ እሄዳለሁ።"

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። የምትለውን ለመናገር ሰው እስኪፈቅድላት የምትጠብቅ ትመስላለች። አቶ ሰኢድ በዐይናቸው ፈቀዱላት።

"ፈርሞ ወዲያው ተነሳ" አለች። "ተቀመጥ፣ ዝናቡ ያባራ አልኩት። እምቢ አለ። ሊወጣ ሲል ግን ተመለሰና መስኮቱን በስንዝሩ ለካው። ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር። ለምንድን ነው ስለው፣ መጋረጃችን ተቆርጣለች፣ አትደርስም አለኝ።"